አያ ታረቀኝ ሳይንቀሳቀሱ የተነሱት ፎቶ

እማዬ ከአዘዞ ወዲያ ከተጓዘች መኪና ያዞራታል፤ ስለዚህ ከደባርቅ በላይ ያለችውን የአስታ በር መንደር በዓይኗ የምታይ አይመስለኝም። ከክፍሌ ልጆችም ደባርቅን አልፎ የሄደ የለም። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ በአፌ ሳወራው መጨረሻው እየቀደመ ያመልጠኛል። ስጽፍ ግን እጄ ከምላሴ ስለሚዘገይ ሁሉም በየተራው ይመጣል ብዬ አስባለሁ።

ሐሙስ

ታላቅ እህቴ ሐያት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ዱር እንስሳት ትማራለች። ከትምህርት ክፍሏ በውሰት አንድ ካሜራ ሰጧት። የግማሽ ዳቦ ያህል ነው፤ ቀለሙ ቅጠልያ ሆኖ ከግንድ ጋር የሚታሰርበት ጠፍር አለው። ሰው አይነካውም። ፊት ለፊቱ ነፍስ ያለው ነገር ሲንቀሳቀስ ራሱ ነቅቶ ሦስት ጊዜ አከታትሎ ያነሳል። የሚንቀሳቀስ ከሌለ ግን ዝም ነው፤ ሙሽራ ብትቆምለት እንኳ ግድ የለውም። አዲስ ዓለም ባለው ቤታችን የግቢውን በር ተደግፎ ሲሞከር ድመታችንን አነሳ፤ ቀጥሎ አባባን ጫማውን ሲያወልቅ አነሳ። አባባ ፎቶውን አየና «ይሄ ካሜራ ነው ወይስ ነገረኛ ጎረቤት?» አለ።

ሐያት አስታ በር ባለው የአስታ ዛፍ ጫካ ውስጥ ምን ምን አውሬ እንደሚመላለስ ማየት ፈልጋለች። እኔን ማስከተሏ ግን ብዙ ክርክር አስነሳ። አባባ የተሸነፈው የምናድረው እትዬ ውዴ ቤት መሆኑን ሲሰማ ነው። የእትዬ ውዴ ባል በሕይወት ሳለ ቅዳሜ ገበያ ካለው ሱቃችን ሌላ ሱቅ ገብቶ ጨርቅ ገዝቶ አያውቅም ነበር። አባባ «የእሱ ቤት የኔም ቤት ነው» ብሎ ስኳር፣ ሳሙናና ዳር ዳሩ አበባ ያለበት ሻሽ አሸክሞ ላከን።

በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። እኔ በመስኮት በኩል ተቀመጥኩ፤ መስኮቱ ግን አይዘጋም ነበር፤ አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ጆሮዬ የራሴ መሆኑን ተጠራጠርኩ። እኛ ጎንደር ክረምት ሲገባ «በረደን» እያልን እናማርራለን። ከእንግዲህ አላማርርም።

ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። አንዱ ጠባቂ ካሜራውን ከቦርሳው አውጥቶ አገላበጠው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሐያት ከትምህርት ክፍሏ የተጻፈላትን ወረቀት እያሳየች «ካሜራ ነው፤ ከፊቱ የሚያልፈውን ያነሳል» አለችው።

«እስቲ?»

አበራችለትና በፊቱ አለፈ። ፎቶውን ሲያይ ጓደኛውን ጠራ፤ ያም አለፈ። ከዚያ ሁለቱም ቆባቸውን አስተካክለው ተመልሰው አለፉ። ሾፌሩ ጡሩንባ ባይነፋ እስከ ምሳ ይመላለሱ ነበር። የሐያት የዱር እንስሳት ጥናት በሁለት ኬላ ጠባቂዎች ተጀመረ ማለት ነው።

ደባርቅ ሽሮ በላን። ዋጋው እንደ ፒያሳ ነው፤ ቃሪያው ግን የሚያስለቅስ ነው። እትዬ ውዴ አህያ ይዘው ገበያው ዳር ጠበቁን። ቀጭን፣ ረጅምና ፈጣን ሴት ናቸው፤ ጉንጫችንን እያገላበጡ ሳሙንና «ምነው እንዲህ ከሳችሁ? ከተማ እህል የለም?» አሉ። ከዚያ መንገዱ ሽቅብ ነው። ከቤተ መንግሥቱ እስከ ቅዳሜ ገበያ በባጃጅ የምሄድ ልጅ፣ ያን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አሁንም አይገባኝም። እትዬ ውዴ እያወሩ ይወጣሉ፤ እኔ ዝም ብዬም ትንፋሽ አጠረኝ። መንገዳችን ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ተቀምጠው ነበር፤ ቀና ብለው አዩንና ሥራቸውን ቀጠሉ። የሱቅ ሰው ደንበኛ ያልሆነን ሰው እንደዚያ ነው የሚያየው።

አጥሩ ጋ ስንደርስ ጆሮው የተቆረጠ ዳማ ውሻ እንደ ጥጃ ገዝፎ ተነሳብን። እትዬ ውዴ «መከታ፣ ተው፤ የቤት ሰው ናቸው» አሉት። አሸተተን፤ አመነ፤ ተኛ።

እራት ድንችና ሽሮ ነበር። እትዬ ውዴ ድስቱን ከፍ አድርገው አሳዩን። «ሥጋ ያልነካው ነው። ለእናንተ ብዬ ነው ያወጣሁት፤ አይዟችሁ ብሉ።» እስላምና ክርስቲያን አንዱ ያረደውን ሌላው እንደማይበላ ማንም ያውቃል፤ ለእንግዳ ብሎ ድስት ለይቶ የሚያስቀምጥ ግን ሁሉም አይደለም።

እየበላን ሳለ ጎረቤቱ አያ ታረቀኝ ገቡ። ጺማቸው ሽበት የጀመረው፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው የተከናነቡ ሰው ናቸው። ከእኛ ጋር ሰላምታ ተለዋውጠው ሲያበቁ ወደ እትዬ ውዴ ዞሩ።

«እንግዲህ እሁድ ነው፣ ውዴ።»

«አውቃለሁ።»

«ሽማግሌ የቆረጠው ነው። እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም።»

«ምነው አያ ታረቀኝ፣ አንተን ክፉ ያለህ አለ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአያ ታረቀኝ ጉረኖ ግልገሎች እየጠፉ ነው። እሳቸው የሚያጠፋው መከታ ነው ይላሉ፤ ማለዳ ማለዳ ካቡ ሥር ስለሚያገኙት። ሽማግሌዎች ደግሞ እስከ እሁድ ሌላ ሌባ ካልተገኘ ውሻው ይገደል ብለዋል። የእትዬ ውዴ ልጆች መተማ ሰሊጥ ሥራ ሄደዋል፤ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሳቸው፣ አንዲት ላምና ጥጃዋ ናቸው። ጅብ ደግሞ በየማታው አጥሩን ይዞራል። አያ ታረቀኝ ከወጡ በኋላ እትዬ ውዴ ወጥ እየጨመሩልን «መከታ ከሞተ ጥጃዋን ከኔው ጋር መደብ ላይ አስተኛታለሁ እንጂ ሌላ ምን አደርጋለሁ» አሉ። ሊያስቁን ነው ያሉት። አልሳቅንም።

ሐያት ወደ ካሜራው አየች። እኔ ወደ ሐያት አየሁ።

ዓርብ

ጠዋት ካሜራውን ከጉረኖው ፊት ለፊት ካለ የአስታ ግንድ ላይ አሰርነው፤ ካቡና በሩ አንድ ላይ ይታዩታል። ሐያት ጫካው ይቆየኝ አለች። አያ ታረቀኝ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው አዩን።

«ውሻው የሷ፤ እንግዶቹ የሷ፤ ካሜራው የእንግዶቹ። ለኔ ማን ሊመሰክርልኝ ነው?»

ሐያት «አያ፣ ካሜራው ዘመድ የለውም» አለቻቸው።

«እሱንም እናያለን» አሉና ሄዱ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ እዚያ እትዬ ውዴ አያ ታረቀኝን «አንተ» ነው የሚሏቸው። እኛ ሰፈር በዚያ ዕድሜ ያለን ሰው «አንተ» ብትል እማዬ ከንፈርህን ትቆነጥጥሃለች። እዚያ ግን «አያ» የሚለው ራሱ ክብሩን ይዞታል። እኔ ግን አልደፈርኩም፤ «እርስዎ» እያልኩ ቀረሁ።

ቀትር ላይ እትዬ ውዴ በአንድ እጅ ቀይ ዶሮ፣ በሌላው የታጠበ ቢላ ይዘው መጡ። «በወጋችሁ እረዱልኝ፤ እኔ እሠራዋለሁ። እንግዳ በድንች ሸኝቼ አባታችሁ ምን ይለኛል?»

እኔና ሐያት ተያየን። ቤታችን የሚያርደው አባባ ነው። እኔ ዶሮ ሲታረድ ፎቅ ቤት ነኝ፤ ሐያትም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስንት እንስሳ ታጥና እንጂ ቢላ ይዛ አታውቅም። ግን እምቢ ማለት ያሳፍራል። እኔ ክንፏን ያዝኩ፤ ሐያት ቢላውን አነሳችና ዓይኗን ጨፍና «ቢስሚላህ» አለች። የእኔም ዓይን ተጨፍኖ ኖሯል። ስንገልጠው ዶሮዋ ጣራው ላይ ናት።

እትዬ ውዴ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ቢስሚላህ ስትሏት ሸሸች፤ ክርስቲያን ዶሮ ናት ለካ።»

እንቁላል ጠበሱልን። ዶሮዋም ጣራው ላይ ሆና ስንበላ አየችን።

ቅዳሜ

ማለዳ ወደ ካሜራው የሮጥኩት እኔ ነኝ። ውርጩ ሣሩን ሁሉ ስኳር የተነሰነሰበት አስመስሎታል። ከአስታው ግንድ ጋ ስደርስ ካሜራው የለም። በቦታው የተጠቀለለ ጋቢ አለ፤ ከላይ በመቀነት ታስሯል። መቀነቱን ፈታሁ፤ ጋቢውን ገለጥኩ፤ ካሜራው ውስጡ ሞቆት ተቀምጧል።

እትዬ ውዴ ከኋላዬ መጡ። «ሙንዬ፣ ካሜራው ሸጋ አደረ?»

«እትዬ ውዴ፣ እርስዎ ነዎት የሸፈኑት?»

«ታዲያ። ያ ሁሉ ውርጭ እያለ የሰው ዕቃ ውጭ አሳድሬ እኔ እንዴት ይተኛልኛል?»

ሐያት ስትደርስ ፊቷን አየሁት፤ ልታለቅስ ነው ወይስ ልትስቅ ነው አልለይ አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያነሳው ምንም የለም። የቀረን አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ሐያት ግን የእትዬ ውዴን እጅ ይዛ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ዛሬ ግን ይብረደው፤ ለምዷል» አለቻቸው። እትዬ ውዴ ነገሩ ሲገባቸው ጋቢውን ፊታቸው ላይ አድርገው «በገዛ እጄ፤ መከታዬን በገዛ እጄ» አሉ። ቀኑን ሙሉ እንጀራ አልቀመሱም።

ወሬው ግን ተዛመተ። «የሚያልፈውን ሁሉ ያነሳል» የተባለው ሲሰማ ሰው ሁሉ በዚያ በኩል መንገድ በዛበት። በቅርብ የተዳረች ልጅ የሠርጓን ቀሚስ ለብሳ ሦስት ጊዜ ውኃ ልትቀዳ ሄደች፤ ምንጩ ግን በሌላ በኩል ነው። አንድ ዲያቆን ጥላውን ዘርግቶ አለፈ። አንዲት እናት ልጇንና ጊደሯን አስከትላ አለፈች፤ ጊደሯ ቀንዷን ቅቤ ተቀብታ ነበር። አያ ታረቀኝ አጥራቸው ላይ ሆነው «ለዕቃ ትሽቀዳደማላችሁ፤ አታፍሩም?» እያሉ ሁሉንም ይሸኛሉ። የጎንደር ሰው ፎቶ ሲያምረው ፒያሳ ወርዶ የአበባ ሥዕል ፊት ይቆማል። የአስታ በር ሰው ከነጊደሩ መጣ። የቱ እንደሚበልጥ እኔ ወስኛለሁ።

ማታ ካሜራውን ሳንሸፍን ተኛን። እትዬ ውዴ ግን ሲገላበጡ እሰማቸው ነበር።

እሁድ

ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እኔና ሐያት ከግቢው ውጭ ዝግባው ሥር ቆመን ጠበቅን። ሽማግሌዎቹ እዚያው መጥተው ተቀመጡ፤ ቄሱ መሐል ሆኑ። እትዬ ውዴ መከታን በገመድ ይዘው ዳር ቆሙ። አባባ የላከላቸውን ሻሽ አስረው ነበር።

አያ ታረቀኝ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተነሱ። «ዛሬም ግልገል ጠፍቷል። ትናንት የተወለደችው፣ ግንባሯ ነጭ የሆነች። ውሻው ማለዳ እዚያው ነበር፤ በዚህ ዓይኔ አይቼዋለሁ፤ እግሬ ሥር ነው የነበረው።»

እትዬ ውዴ ገመዱን እጃቸው ላይ ጠመጠሙት።

አንዱ ሽማግሌ «አንተ በዚያ ውርጭ ጉረኖው ፊት ቆመህ ምን ታደርግ ነበር?» አሉ።

አያ ታረቀኝ አሳላቸው። «በጎቼን አላይም?»

ቄሱ ወደ ሐያት ዞሩ። «ልጄ፣ ያንቺ ምስክር ምን ይላል?»

ካርዱን አስቀድመን አላየነውም፤ ሐያት በሽማግሌዎቹ ፊት ይከፈት ብላ ነበር። ላፕቶፑን የድንጋይ መቀመጫ ላይ አደረገችው፤ ፀሐዩን በጋቢ ጋረዱላትና ሁሉም ጭንቅላቱን ከጋቢው ሥር አስገባ። እኔ በሐያት ብብት ሾለኩ።

መጀመሪያ ሙሽራዋ መጣች፤ ሳቅ ሆነ። ዲያቆኑ፣ ጊደሯ። ከዚያ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሆነ፤ ሌሊት ነው። ጃርት። ባዶ። ቀጥሎ ዓይኑ እንደ ባትሪ የሚያበራ ትልቅ ውሻ ካቡን ታክኮ ሲሄድ።

«ይኸውላችሁ» አሉ አያ ታረቀኝ።

ሐያት ቀጣዩን ነካች። ውሻው ተመልሷል፤ አፉ ባዶ ነው። ቀጣዩ፤ አሁንም ይዞራል። ከዚያ ፎቶው እንደገና ቀለም ያዘ፤ ነግቷል። የሰው ትከሻና ግማሽ ጆሮ ብቻ፣ ካሜራው ፊት ሲያልፍ።

«ይሄ ማነው?» አሉ ቄሱ።

አያ ታረቀኝ ጭንቅላታቸውን ከጋቢው ሥር አወጡ።

ሐያት ቀጣዩን ስትከፍት፣ አያ ታረቀኝ ሆነው አገኘናቸው። መሐል ላይ ቆመዋል፤ ነጭ ጋቢ፣ ዱላቸው በእጃቸው፣ ጺማቸው ተበጥሯል፣ ዓይናቸውን ካሜራው ላይ ተክለው እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለዋል። እግራቸው ሥር መከታ ተጋድሞ ተኝቷል፤ አፍንጫው ጭራው ውስጥ ነው። ከትከሻቸው ኋላ ደግሞ ካቡ ላይ፣ እግሩ ረጃጅም የሆነ ነቁጣ ነቁጣ አውሬ ግንባሯ ነጭ የሆነ ግልገል በአፉ አንጠልጥሎ ይሻገራል።

«አነር ነው» አለ አንድ ድምፅ ከጋቢው ሥር። ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ «አነር፣ አነር» ሆነ።

ሁለተኛው ፎቶ ላይ አነሩ በአየር ላይ ነው። ሦስተኛው ላይ ጭራው ብቻ ቀርቷል። አያ ታረቀኝ በሦስቱም ላይ ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም።

ጋቢው ተገፈፈ፤ ሰዉ እየሳቀ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሐያት አስረዳቻቸው፦ አያ ታረቀኝ ሲመጡ ካሜራው አንዴ አነሳቸው፤ ከቆሙ በኋላ ግን የሚንቀሳቀስ ስላላየ ዝም አለ። እሳቸው እስኪያነሳቸው ጠበቁ፤ እሱ እስኪንቀሳቀሱ ጠበቀ። በመጨረሻ የተንቀሳቀሰው ሌባው ነው።

አያ ታረቀኝ መሬት መሬት እያዩ «መታወቂያ ያወጣሁ ጊዜ ደባርቅ ያለው ፎቶ አንሺ ‹ከተንቀሳቀስክ ይበላሻል› ብሎ ተቆጥቶኝ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ሆነ። «ቀን ቀን እንዳልመጣ ደግሞ ሰው ያየኛል።»

ቄሱ «ፎቶውስ ሸጋ ወጥቷል» አሉ፤ ሲናገሩ ግን ከንፈራቸውን ነክሰዋል።

እትዬ ውዴ ገመዱን ከመከታ አንገት ፈቱ። አልሳቁም፤ አንገቱን ሲያሹት ብቻ ቆዩ። አያ ታረቀኝ ቀስ ብለው ተጠጓቸው።

«ውዴ።»

«አቤት።»

«ካቡ ላይ እሾህ እጨምርበታለሁ። እስከዚያ ግን… ማታ ማታ ውሻሽን ታውሺኛለሽ?»

«ምነው አያ ታረቀኝ፣ የግልገል ሌባ ቤትህ ልታስገባ?»

«በደልኩሽ፤ እሱንም በደልኩ። ይቅር በይኝ።»

እትዬ ውዴ ወደ መከታ አመልክተው «እሱን ጠይቀው» አሉ። አያ ታረቀኝ በሰው ሁሉ ፊት አጎንብሰው ለመከታ እጃቸውን ዘረጉለት። መከታ አሸተተው። ጋቢያቸው በግ በግ ስለሚሸት ነው መሰለኝ ጭራውን ነቀነቀ።

ሐያት በበኩሏ ከደስታዋ የተነሳ መሬት አልበቃቻትም፤ ከድመት ወገን የሆነውን አነር በንጋት ብርሃን ከነሙሉ መልኩ አግኝታለች። የምታቅፈው ሰው አጥታ እኔን እያዞረች ነበር። ሲበርድላት አውሬውን እንዳይገድሉት ለመነቻቸው። አያ ታረቀኝ «እሾሁን ካጠርኩ ከሱ ጋር ጠብ የለኝም፤ እሾሁን ከተሻገረ ግን ቃል አልገባልሽም» አሉ። እውነት ተናገሩ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።

ሰኞ

ስንሸኝ እትዬ ውዴ ቀይዋን ዶሮ እግሯን አስረው አስታቀፉኝ። «አባታችሁ ይረዳት።» አያ ታረቀኝም እስከ ደባርቅ መኪና መሳፈሪያ ድረስ ሻንጣችንን ተሸክመው መጡ። ሊሉ የፈለጉትን የተናገሩት ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮቱ በኩል ነው። እንደ እድል ሆኖ የዚህኛውም መስኮት አይዘጋም።

«ሙንዬ፣ ፎቶዬን አውጪልኝ። ትልቅ አድርገሽ።»

ጎንደር እንደገባን ነጋታውን ፒያሳ ወረድኩ። ፎቶ ቤቱ ያለው ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ሲያየው «ሽማግሌው ሸጋ ናቸው። ከኋላ ያለውን አውሬና ውሻውን አጥፍቼ የፏፏቴ ሥዕል ላድርግላቸው?» አለኝ። የልቡን ነው፤ ለሁሉም የሚያደርገው ነው። እኔ ግን አያ ታረቀኝ ሚኒባሱን እየተከተሉ የጮኹት የመጨረሻ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር፦ «ከነሌባው! ውሻውንም እንዳትቆርጪው!»

ከነሌባው አወጣሁትና በደባርቅ ሚኒባስ ሾፌር ላክሁት። ዶሮዋን አባባ ሊያርዳት ሲነሳ እማዬ ታሪኳን ሰምታ ኖሮ ከለከለችው፤ አሁን ግቢያችን ውስጥ ድመቷን ታሳድዳለች።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ውዴ ደወሉ። ከደረሰ ጀምሮ አያ ታረቀኝ ቤት የገባ ሰው ፎቶውን ሳያይ አይወጣም አሉ። ሌባውን ለመያዝ ሆን ብለው እንዳልተንቀሳቀሱ ይናገራሉ፤ ያላመነ ካለም ዱላቸውን ይዘው ከፎቶው ጎን ቀጥ ብለው በመቆም ያሳያሉ፤ እንግዳው «አመንኩ» እስኪል ድረስ ዓይናቸው አይርገበገብም።

«መከታስ?» አልኳቸው።

«እሱማ አያ ታረቀኝ እግር ሥር ተኝቶልሽ ነው» አሉኝ።